ጥያቄና መልስ፦ የ340 ቱታ ክፍያ የት ገባ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አዳማ ውስጥ ትንሽ ስፌት ቤት አለኝ። ለአንድ ትልቅ ፋብሪካ 340 የሥራ ቱታ አስረከብኩ። ውሉ «በ30 ቀን ውስጥ ይከፈላል» ይላል። ዛሬ 74ኛ ቀኔ ነው። ፋይናንስ ስደውል «ፕሮሰስ ላይ ነው» ይሉኛል። ጨርቅ በዱቤ የሰጠኝ ነጋዴ ደግሞ መግቢያ መውጫ አሳጣኝ። ብር አጥተው ነው ወይስ ሊክዱኝ?
ቱታ ሰፊዋ፣ ከአዳማ

መልስ፦ እህቴ፣ የሚክዱሽ አይመስለኝም። እኔ 14 ዓመት አንድ ትልቅ ድርጅት ውስጥ ተከፋይ ሂሳብ ላይ፣ ማለትም የአቅራቢዎችን ክፍያ የሚያዘጋጀው ክፍል ውስጥ ሠርቻለሁ። «ፕሮሰስ ላይ ነው» ስንቴ እንዳልኩ ፈጣሪ ይቁጠረው። ብዙውን ጊዜ ትርጉሙ «ወረቀትሽ የት እንዳለ አላውቅም፣ ተነስቼ ለመፈለግም አልተመቸኝም» ነው።

ትልቅ ድርጅት ሦስት ወረቀት ሳይገጥምለት ብር አያወጣም። አንዱ የግዢ ትዕዛዙ ነው፣ ፒኦ የሚሉት። ሌላው ስቶር ዕቃ ሲረከብ የሚቆርጠው የገቢ ደረሰኝ ነው፣ መንግሥት ቤት ሞዴል 19 የሚባለው። ሦስተኛው ያንቺ ኢንቮይስ ነው፣ ብሩን የምትጠይቂበት ወረቀት። ብዛትና ዋጋ በሦስቱም ላይ አንድ መሆን አለበት።

አንድ የጓንት አቅራቢ ነበረን። 500 ጥንድ አመጣ። ስቶር ሁለቱን ቀዳዳ አገኘባቸውና 498 ብሎ ገቢ አደረገ። ኢንቮይሱ ግን 500 ይላል። ኮምፒውተሩ አልቀበልም አለ፤ ፋይሉም እኔ ጠረጴዛ ላይ ከትሪው ግርጌ ቀረ። ሰውየው ሁለት ወር ሙሉ ሥራ አስኪያጁ ጋ ሲደውል ከርሞ አንድ ቀን በአካል መጣ። ፋይሉን ሳወጣው የቡና ስኒዬ ክብ አርፎበታል። ለሁለት ጥንድ ጓንት ተብሎ የ498ቱ ብር ታግቷል! ኢንቮይሱን አስተካክሎ በሚቀጥለው ሐሙስ ቼኩን ወሰደ። ቀድሞ የደወለለት ሰው አልነበረም፣ እኔም ጭምር። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ስለዚህ ፋይናንስን ለጊዜው ተዪውና ስቶር ኪፐሩን አግኚው። 340ውም ገብቷል ወይ? የገቢ ደረሰኙ ቁጥር ስንት ነው? ወደ ፋይናንስ የተላከው መቼ ነው? ከዚያ ፋይናንስ ስትደውዪ «ክፍያዬ ምን ደረሰ» አትበዪ። «ቁጥሩ ይሄ ነው፣ በዚህ ቀን ደርሷችኋል፣ ምን ጎደለው?» በያቸው። ቁጥር ይዞ ለሚደውል ሰው እኛም ከወንበራችን እንነሳ ነበር።

30 ቀኑንም ከየት እንደሚቆጥሩት እዪ። አንቺ ካስረከብሽበት ቀን ትቆጥሪያለሽ፤ እነሱ የተሟላ ሰነድ ፋይናንስ ከገባበት ቀን ይቆጥሩ ይሆናል። ሁለተኛ ስትዋዋዪ «ገዢው ዕቃውን ከተረከበበት ቀን ጀምሮ» የሚል አስገቢ። የኢንቮይሱን ኮፒም ቀን አስጽፈሽ፣ አስፈርመሽ ያዢ።

አልዋሽሽም፣ ሆን ብሎ ማዘግየትም አለ። ሰኔ 30 ሂሳብ ሊዘጋ ሲል ከላይ «ካሽ ይያዝ» የሚል ቃል ይወርድልን ነበር። ያኔ ቀድሞ የሚከፈለው ዕቃውን ቢያቋርጥ ማሽን የሚያቆም አቅራቢ ነው። ቱታ ደግሞ ማሽን አያቆምም፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።

እንደዚያ ከሆነ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ስጪ፤ መዝገብ ቤት አስገብተሽ ቁጥር ተቀበዪ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1803 እና 1751 ገንዘብ ያዘገየ ባለዕዳ በዓመት 9 በመቶ ወለድ እንዲከፍል ያዛል። ባንክ ከዚያ በላይ ስለሚያስከፍል ያንቺ ብር ለነሱ ርካሽ ብድር ነው። ቢሆንም ደብዳቤው ፋይልሽን ከግርጌ ወደ ላይ ያወጣዋል።

ስለ ቫቱ አልጠየቅሽኝም፣ ግን ሳይቆረቁርሽ አይቀርም። አንዱን ቱታ በ1,450 ብር ብናስበው ሽያጩ 493,000፣ የ15 በመቶ ቫቱ ደግሞ 73,950 ብር ነው። ገቢዎች ገዢሽ ከፈለሽ አልከፈለሽ አይልም። ከተቻለሽ በወሩ የመጨረሻ ቀን ከማስረከብና ኢንቮይስ ከመቁረጥ አዲሱ ወር እስኪገባ ጠብቂ፤ ቫቱን ለመክፈል አንድ ወር ፋታ ታገኛለሽ።

ስቶር ኪፐሩ ጋ ስትሄጂ ጠዋት ከ3 ሰዓት በፊት ድረሺ። የኛ ቤት ከዚያ በኋላ መኪና ማራገፍ ስለሚጀምር ማንንም ቀና ብሎ አያይም ነበር።