ለልጄ ሰርግ ስንት ሴንቲ ሜትር ታኮ ላድርግ?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 54 ነው። ስኳር ከያዘኝ 9 ዓመት ሆነኝ። ጥር ላይ ልጄን እድራለሁ። ከሐበሻ ቀሚሴ ጋር የሚሄድ ወርቃማ ባለ ታኮ ጫማ ገዝቻለሁ። ጣቶቼን ያዝ ያደርገኛል፣ ግን አያመኝም። ስንት ሴንቲ ሜትር ታኮ ይፈቀድልኛል? ታላቅ እህቴ በስኳር ምክንያት እግሯ ተቆርጧል። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እንኳን ለዚህ አበቃዎት። ሴንቲ ሜትሩን እነግርዎታለሁ። ዋናው ጥያቄዎ ግን መጨረሻ ላይ ጣል ያደረጉት ነው፦ «እኔም እንደ እህቴ እሆን ይሆን?» ስኳር ያለበት ሰው ሁሉ እግሩ አይቆረጥም። አብዛኛው ሁለት እግሩን ይዞ ነው የሚያረጀው።

እኔን ያስደነገጠኝ «ያዝ ያደርገኛል፣ ግን አያመኝም» ያሉት ነው። የሚይዝ ጫማ ማመም አለበት! ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ የእግር ነርቭ ይደነዝዛል። ጫማው ቆዳውን ሲልጠው አይታወቅም። ሌላዋ የሙሽራ እናት ጭፈራው መሃል ጫማዋን አውልቃ ወንበር ሥር ትወረውረዋለች። እርስዎ እስክስታ ሲወርዱ ያመሹና ማታ ስቶኪንግዎ ላይ ደም ያያሉ።

ስለዚህ ያን ጫማ ይመልሱት፤ ካልተቀበሉዎት ለአንዷ ሚዜ ይስጧት። ታኮው ከ3 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ፤ ወፍራም ይሁን። ከፍ ባለ ቁጥር ክብደትዎ ወደ ፊት ሄዶ ከጣቶችዎ ሥር ያርፋል፤ ቁስል የሚጀምረውም ብዙ ጊዜ እዚያው ነው። አፍንጫው ክብ፣ ቆዳው ለስላሳ፣ እግርን የሚይዝ ማሰሪያ ያለው ይምረጡ። በጣት መሃል የሚገባ ክር ያለው ይቅር።

አመሻሽ ላይ ይግዙ፤ እግር ሲውል ያብጣል። «ሲደረግ ይሰፋል» የሚልዎትን ሻጭ አይስሙት። የራስዎን ስሜትም አይመኑ። ወረቀት ላይ ቆመው እግርዎን ያስነድፉ፣ ቆርጠው ጫማው ውስጥ ያስገቡት። ወረቀቱ ከታጠፈ ጠባብ ነው። ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ ይኑር። የሚስማማ ካጡ በልክ የሚሰፋ ጫማ ሰፊ መርካቶ አይጠፋም፤ ወርቃማም ይሠራልዎታል። ከዚያ እስከ ሰርጉ ድረስ ቤት ውስጥ በቀን አንድ አንድ ሰዓት እያደረጉ ይለማመዱት። ሲያወልቁ የቀላ ቦታ ይፈልጉ። ጎንበስ ማለት ካቃተዎት ልጅዎ ታይልዎት።

አሁን ትንሽ ልቆጣ። «ሐኪም ቤት ከሄድኩ ይቆርጡኛል» የሚለውን ወሬ ሰልችቶኛል። ሰውዬው ትንሽ ውሃ ይቋጥራል። አያመውም፣ ስለዚህ ይተወዋል። ሲፈነዳ በሙቅ ውሃና በጨው ይዘፈዝፈዋል፤ የደነዘዘ እግር ሙቀቱን ስለማይለይ በላዩ ላይ ይቃጠላል። ቀጥሎ የአምፒሲሊን እንክብል ፈልቅቆ ዱቄቱን ይነሰንስበታል። ዱቄቱ ከላይ ይደርቃል፣ መግሉ ከሥር ይሄዳል። በሦስተኛው ሳምንት ጠረን ሲያመጣ እኔ ዘንድ ይመጣል። ኢንፌክሽኑ አጥንት ገብቶ ጣቱ ይቆረጣል። ጎረቤትም «አላልኩም? ሄዶ አስቆረጠ» ይላል። ሦስቱን ሳምንት ማን ያውራው! የሚቀጥለው በሽተኛ ደግሞ ይህን ሰምቶ አንድ ወር ይቆያል። እባክዎ፣ ዱቄት አይነስንሱ። የደረቀ ቆዳዎንም በምላጭ አይላጩ።

በጊዜው የመጣ ቁስል ይጸዳል፣ ከጫና ይጠበቃል፣ ስኳሩ ይስተካከላል፣ ብዙውም ይድናል። ስለዚህ ከሰርጉ ማታ ቆዳዎ ተልጦ፣ ውሃ ቋጥሮ ወይም ጠቁሮ ካዩ፣ ባያምዎትም፣ በማግስቱ ጠዋት ይሂዱ። «መልስ አለብኝ፣ እንግዳ አለብኝ» አይሰራም። እግርዎ ካበጠ ወይም ካተኮሰዎት ደግሞ ሌሊቱንም አይጠብቁ።

እስከዚያው የስኳር ክትትል ቀጠሮዎ ላይ ካልሲዎን አውልቀው «እግሬን እዩልኝ» ይበሉ። በቀጭን የናይለን ክር እየነኩ ስሜትዎን ይለካሉ፤ አያምም፣ ጊዜም አይፈጅም። አዲሱን ጫማም ይዘውት ይሂዱ።