የስድስት ወር ልጄ ኪሎ ለምን አልጨምር አለ?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር። ሴት ልጄ ስድስት ወር ሞልቷታል። ስትወለድ 3.1 ኪሎ ነበረች፤ በአራት ወሯ 6.2 ደርሳ ነበር። ከዚያ የወሊድ ፈቃዴ አልቆ ሥራ ገባሁ። አሁን ሳስመዝናት 6.6 ብቻ ሆነች። የጎረቤታችን ልጅ እኩያዋ ነው፤ 8 ኪሎ ሆኖ ተቀምጦ ይጫወታል። የኔዋ ካልደገፍኳት ትወድቃለች፣ ጥርስም አላወጣችም። ቀን ቀን አማቴ በጡጦ የአጃ አጥሚት ይሰጧታል፣ ጡት የምትጠባው ጠዋትና ማታ ነው። ሰሞኑን ደግሞ ተቅማጥ ይዟት «የወተት ጥርስ ነው፣ ይነቀልላት» እየተባልኩ ነው። ምን ላድርግ?
እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ በዓለም ጤና ድርጅት የእድገት መለኪያ መሠረት የስድስት ወር ሴት ልጅ መካከለኛ ክብደት 7.3 ኪሎ ነው፤ የወንድ 7.9። ሴት ልጅ ለዕድሜዋ ክብደቷ አነስተኛ ነው የሚባለው ከ5.7 ኪሎ ስትወርድ ነው። እንግዲህ 6.6 ኪሎ ብቻውን አያስደነግጥም፤ የጎረቤትዎ ልጅም ወንድ ስለሆነ ንጽጽሩ ከመነሻው ልክ አይደለም።

የሚያሳስበው የአንድ ቀን ሚዛን ሳይሆን መስመሩ ነው። በአራት ወር ውስጥ የልደት ክብደቷን እጥፍ አድርጋለች፤ በጣም ጥሩ ነው። ቀጥሎ በነበሩት ሁለት ወራት ግን የጨመረችው 400 ግራም ብቻ ነው። መካከለኛዋ ልጅ በዚሁ ጊዜ 900 ግራም ያህል ትጨምራለች። ከአራት ወር በኋላ የሁሉም ሕፃን ጭማሪ ቀስ ይላል፣ ይህ ግን ከዚያም የዘገየ ነው። (ልጅዎ ያለ ጊዜዋ ተወልዳ ከሆነ ስሌቱ ይለወጣል፤ ለምሳሌ ሁለት ወር ቀድማ ከተወለደች የምትመዘነው እንደ አራት ወር ልጅ ነው።) ሚዛኑንም ይጠርጥሩ፦ አንዴ በሹራብና በብርድ ልብስ፣ አንዴ ራቁቷን ከተመዘነች ልዩነቱ ብቻውን 300 ወይም 400 ግራም ይሆናል። ሁልጊዜ በአንድ ሚዛን፣ ልብሷን አውልቀው ያስመዝኗት።

ሚዛኑ ትክክል ከሆነ ምክንያቱ ጥያቄዎ ውስጥ አለ፦ አጥሚቱ። የልጅዎ ሆድ በአንድ ጊዜ የሚይዘው 200 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። አጥሚት በጡጦ ጫፍ እንዲያልፍ መቅጠን አለበት፤ በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ 8 ግራም ያህል ዱቄት ቢገባበት የሚሰጠው ኃይል 30 ካሎሪ አካባቢ ነው። የጡት ወተት በተመሳሳይ መጠን ከ65 እስከ 70 ካሎሪ አለው፣ ስብና ፕሮቲኑም የተሻለ ነው። ልጅቷ ሆዷ ሞልቶ ትተኛለች፣ የሞላው ግን በአብዛኛው ውሃ ነው። አማትዎ «ጠግባለች» ሲሉ እውነታቸውን ነው፤ ጥጋቡ ግን አያሳድጋትም። በዚያ ላይ ጡት የምትጠባበት ጊዜ ሲቀንስ ወተቱም ይቀንሳል። የጡጦው ጫፍ ደግሞ በደንብ ካልተቀቀለ ለተቅማጥ በር ይከፍታል። ሦስቱም ችግር የሚመጣው ከዚያው ጡጦ ነው።

ስለዚህ ጡጦውን ያስቀሩት። ከሥራ በፊት፣ ከሥራ መልስ ወዲያው፣ ከመተኛቷ በፊትና ሌሊት ያጥቧት፤ የሌሊቱ በተለይ ወተት እንዳይቀንስ ይረዳል። ሥራ ቦታ በየሦስት ሰዓቱ ገደማ ይለቡ። የታለበው ወተት ፍሪጅ ውስጥ፣ በሩ ላይ ሳይሆን ወደ ውስጥ ገብቶ፣ እስከ አራት ቀን ይቆያል፤ ውጭ ከሆነ በአራት ሰዓት ውስጥ ትጠጣው። ሲሞቅ በሙቅ ውሃ ውስጥ ተነክሮ እንጂ እሳት ላይ አይጣድም። አማትዎ በስኒና በማንኪያ ይስጧት፤ ስኒ ለማጠብ ከጡጦ በጣም ይቀላል።

ስድስት ወር ስለሞላት ምግብ መጀመር አለባት፣ የሚያስፈልጋት ግን ገንፎ ነው። ለምጥኑ ሦስት እጅ እህል (ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስ ወይም በቆሎ) እና አንድ እጅ የአተር፣ የሽምብራ ወይም የምስር ክክ ይበቃል። ይታጠባል፣ ይታመሳል፣ ይፈጫል፣ ይነፋል። ዘጠኝና አሥር ዓይነት እህል ማደባለቅ የሰሞኑ ልማድ ሆኗል፤ ጥቅሙ ለሻጩ እንጂ ለልጁ አይታየኝም፣ አንዱ እህል ባይስማማትም የትኛው እንደሆነ ማወቅ አይቻልም። የሻገተ በቆሎ ወይም ለውዝ በፍጹም አይግባበት። ብዙ ከማስፈጨት ለአንድ ወር የሚበቃውን ያህል አዘጋጅቶ እርጥበት በማይነካው ዕቃ መያዝ ይሻላል።

የውፍረቱ ልክ በማንኪያ ይታወቃል፦ ማንኪያው ሲዘነበል ገንፎው ማንኪያው ላይ መቆየት አለበት፤ ከፈሰሰ ቀጥኗል። ሲበስል አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ወይም ቅቤ ይጨመርበት። ከዚያ በየቀኑ አንድ ሌላ ነገር፦ በደንብ የተቀቀለ እንቁላል የተፈጨ፣ ቆስጣ፣ ካሮት፣ ስኳር ድንች፣ አቮካዶ። ይዛው የተወለደችው ብረት (የደም ማዕድን) በዚህ ዕድሜ ማለቅ ይጀምራል፣ ስለዚህ በሳምንት ጥቂት ጊዜ ተፈጭቶ የበሰለ ጉበት ወይም ሥጋ ያስፈልጋታል። በጾም ወቅት «ዕቃው ይነካካል» ተብሎ የልጅ እንቁላልና ቅቤ የሚቀርባቸው ቤቶች አሉ፤ ለእሷ ብቻ የምትሆን ትንሽ ድስትና ማንኪያ ከተለየች ችግሩ ይፈታል። ሻይ፣ ማር፣ ስኳርና ጨው አይሰጣት። ማር አንድ ዓመት ሳይሞላት አደገኛ ነው፤ ሽባ የሚያደርግ መርዝ የሚፈጥር ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላል። የላም ወተትም እስከ አንድ ዓመት ዋና መጠጧ መሆን የለበትም።

በመጀመሪያው ሳምንት በቀን ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ሁለትና ሦስት የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ቀስ በቀስ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በአንዴ ግማሽ ስኒ (125 ሚሊ ሊትር ያህል) ትድረስ። በምላሷ ወደ ውጭ ብትገፋው ጠላችው ማለት አይደለም፣ መዋጥ እየተማረች ነው። አዲስ ምግብ እስኪለመድ ብዙ ጊዜ መሞከር ይጠይቃል። አፍንጫ ይዞ በእጅ መጋት ግን ምግቡ ወደ ሳንባ እንዲገባ ያደርጋል፤ ይህን ለአማትዎም ይንገሩልኝ።

ስለ ጥርሱ፦ አያስነቅሉ! በዚህ ዕድሜ ድድ ውስጥ ነጭ ሆኖ የሚታየው ገና ያልወጣ ጤነኛ ጥርስ ነው። ሲቆፈር ደም መፍሰስ፣ ኢንፌክሽንና ቴታነስ ያስከትላል፤ በኋላ የሚወጣውንም ጥርስ ያበላሻል። እንጥል ማስቆረጥም እንደዚያው ነው። ጥርስ ማውጣት ድድ ያሳብጣል፣ ለሃጭ ያበዛል፣ ያነጫንጫል፤ እውነተኛ ተቅማጥና ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት ግን አያመጣም። ተቅማጡን ያመጣው ጡጦው ወይም መሬት ላይ አንስታ አፏ የምትከተው ነገር ሳይሆን አይቀርም። አንድ ፓኬት ኦ.አር.ኤስ. (በተቅማጥ የወጣውን ፈሳሽ የሚተካ ዱቄት) ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውሃ ይበጥብጡ፤ በእያንዳንዱ ተቅማጥ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር በማንኪያ ይስጧት፤ 24 ሰዓት ካለፈው የተረፈውን ይድፉት። ስድስት ወር ስለሞላት ዚንክ 20 ሚሊ ግራም በቀን አንዴ ለ10 ቀን ትውሰድ፣ ተቅማጡ ቢቆምም አያቋርጡት። ጡት እንዳይቋረጥ። የመጀመሪያው ጥርስ ብዙውን ጊዜ ከስድስት እስከ አሥር ወር ብቅ ይላል፤ አንድ ዓመት ቢሞላትም አይጨነቁ።

መቀመጡስ? ያለ ድጋፍ መቀመጥ ከአራት ወር ግድም እስከ ዘጠኝ ወር ባለው ጊዜ ሊመጣ ይችላል። በስድስት ወር የምጠብቀው አንገቷ ቀጥ ብሎ እንዲቆም፣ እንድትገለበጥ፣ ዕቃ ለመያዝ እጇን እንድትዘረጋ፣ ወደ ድምፅ እንድትዞር፣ ስታጫውቷት እንድትስቅ ነው። እነዚህ ካሉ መቀመጡ ይመጣል። ነቅታ ሳለች ምንጣፍ ላይ በሆዷ ያስተኟት፤ በጥቂት በጥቂት ደቂቃ ተከፋፍሎ በቀን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይሙላ። ባለ ጎማ መራመጃ አይግዙላት፤ ቶሎ አያስሄድም፣ ከደረጃ ይጥላል። አንገቷ ካልጸና፣ አንድ እጇን ብቻ የምትጠቀም ከሆነ፣ እግሯ ግትር ወይም ሰውነቷ ልፍስፍስ ከሆነ፣ ድምፅ ካልሰማች ወይም ትችለው የነበረውን ከተወች ዘጠኝ ወር ሳይጠብቁ ይምጡ።

ዛሬውኑ ጤና ተቋም የሚያስኬዱ ደግሞ እነዚህ ናቸው፦ የሚሰጣትን ሁሉ ማስመለስ፣ ጡት እምቢ ማለት፣ መፍዘዝ፣ መንቀጥቀጥ፣ የዓይን መጎድጎድ፣ ደም ያለው ተቅማጥ፣ ሁለቱ እግሮች ማበጥ፣ የክንድ ዙሪያዋ ከ11.5 ሳንቲ ሜትር ማነስ።

ተቅማጡ ሲቆም ጤና ጣቢያ ይውሰዷት፤ በዚያው ለዕድሜዋ የሚሰጠውን ቫይታሚን ኤ (100,000 ዩኒት) ትውሰድ። ከአራት ሳምንት በኋላ በዚያው ሚዛን ድገሙት። ከ300 ግራም በላይ ከጨመረች ገንፎው እየሠራ ነው። ገንፎ በልታም፣ ጡት ጠብታም ምንም ካልጨመረች የሽንት፣ የደምና የልብ ምርመራ ያስፈልጋታልና የእድገት ካርዷን ይዘው የሕፃናት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።