ከቀበሌ እስከ ሔግ፦ የሕግ ጥያቄና መልስ

ጎንደርና ዙሪያዋ ያላችሁ ወዳጆቼ ሰሞኑን «የማን ሥልጣን እስከ የት ነው?» የሚል ጥያቄ አብዝታችሁብኛል። የማውቀውን እመልሳለሁ። የግል ጉዳያችሁን ግን መዝገቡን ያየ ጠበቃ ይንገራችሁ።

ከአዘዞ፦ ቀበሌ ስሄድ «መመሪያው አይፈቅድም» ይሉኛል። ምን ላድርግ?

«እስቲ መመሪያውን አሳዩኝ» በል፤ ቁጥሩንም ጠይቅ። ከላይ ሕገ መንግሥቱ አለ፣ ቀጥሎ አዋጅ፣ ከዚያ ደንብ፣ ከሥር መመሪያ። መመሪያ ከአዋጁ ከተጋጨ አዋጁ ይበልጣል። ብዙ ጊዜ ደግሞ «መመሪያ» የተባለው ነገር የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ሆኖ ቁጭ ይላል። የፌዴራል መሥሪያ ቤት ቢሆን ኖሮ አዋጅ ቁጥር 1183/2012 መመሪያውን እንዲያስመዘግብና ይፋ እንዲያደርግ ያስገድደው ነበር። የክልል ቀበሌን ግን ያ አዋጅ አይነካውም፤ የክልሉን ሕግ ነው የምታየው።

ከማራኪ፦ ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው ፍርድ ቤት ነው?

አይደለም። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። 11 አባላት ያሉት አጣሪ ጉባኤ አስቀድሞ አይቶ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል። በ2012 ዓ.ም. ምርጫው በኮቪድ ሲራዘምም ትርጉሙ የተሰጠው እዚያው ነው። ፖለቲከኛ ዳኛ ሲሆን እኔን አይዋጥልኝም።

ከአራዳ፦ ዩኔስኮ ሳይፈቅድ ፋሲል ግንብ ላይ ሚስማር አይመታም ይባላል። ግንቡ የማን ነው?

የኛው ነዋ! (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ግንቡ በ1979 የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሲሰፍር ባለቤትነቱ ወደ ዩኔስኮ መቀመጫ ፓሪስ አልሄደም። ኢትዮጵያ የ1972ቱን የዓለም ቅርስ ስምምነት ተቀብላ «እጠብቃለሁ» ብላለች፤ የሚይዙን በዚህ ቃላችን ነው። ዩኔስኮ ፖሊስ የለው፣ እስር ቤት የለው። ባለሙያ ይልካል፣ ሪፖርት ይጠይቃል፣ ካልሆነም «አደጋ ላይ ያለ» ብሎ ይመዘግባል።

ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። የሰሜን ተራሮች ፓርክ በ1996 እዚያ የአደጋ መዝገብ ውስጥ ገብቶ የወጣው በ2017 ነው። በመሃል የግጭ መንደር ነዋሪዎች ከፓርኩ ተነሥተው ወደ ደባርቅ ወረዱ። የወሰነው የኢትዮጵያ መንግሥት እንጂ ፓሪስ አይደለም። መዝገቡ ባይኖር ግን ይነሡ ነበር ወይ ብትሉኝ እጠራጠራለሁ።

ከፒያሳ፦ ሔግ ያለው ፍርድ ቤት የፈረደበት አገር አልፈጽምም ቢልስ?

እዚህ ጎረቤትህ ቢከስህ «ይህን ፍርድ ቤት አልቀበልም» ማለት አይሠራም። መጥሪያ ይደርስሃል፣ ብትቀር በሌለህበት ይታያል፣ ከተፈረደብህ አፈጻጸም ተከፍቶ ንብረትህ በሐራጅ ይሸጣል። በአገሮች መካከል ግን ፈቃድ ይቀድማል። ሔግ ያለው የተባበሩት መንግሥታት ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት 15 ዳኞች ክርክር የሚሰሙት ሁለቱም አገሮች የፍርድ ቤቱን ሥልጣን በሆነ መንገድ ከተቀበሉ ብቻ ነው። ፍርዱን ያልፈጸመ አገር ወደ ጸጥታው ምክር ቤት ይቀርባል፤ እዚያ ደግሞ አምስት አገሮች የመሻር መብት አላቸው። ኒካራጓ በ1986 አሜሪካን ረታች። ጉዳዩ ምክር ቤቱ ሲደርስ ውሳኔውን የሻረችው ራሷ አሜሪካ ናት።

የኛም አለ። ከኤርትራ ጋር ከተፈራረምነው የአልጀርስ ስምምነት በኋላ የድንበር ኮሚሽኑ በ2002 ባድመን ለኤርትራ ወሰነ። ውሳኔው የመጨረሻና አስገዳጅ ነበር፤ ኢትዮጵያ ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ ያለችው ግን በ2018 ነው። ፍርዱ ታዲያ ከንቱ ነበር? አይመስለኝም። እነዚያን ዓመታት ሁሉ ያ ወረቀት ሲጠቀስብን ኖሯል።

ከጎርጎራ፦ የ1959ኙ የአባይ ስምምነት ያስረናል?

አያስረንም። ግብፅና ሱዳን 55.5 እና 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ለሁለት ተከፋፈሉ፤ እኛ አልተጠራንም፣ አልፈረምንም። ውል ያልፈረመውን አገር አያስርም። እንዳሻን እንሆናለን ማለት ግን አይደለም፤ ፍትሐዊ አጠቃቀምና ጉልህ ጉዳት አለማድረስ በ2015 ካርቱም ላይ እኛው የፈረምንባቸው መርሆች ናቸው።

ከአንድ አዛውንት፦ ዛሬ ችሎት ፊት ፍትሐ ነገሥትን ብጠቅስ?

ጋሼ፣ ዳኛው በአክብሮት ይሰማዎታል፤ አይፈርድበትም። በእኛ አቆጣጠር በ1952 የፍትሐ ብሔር ሕጉ ወጥቷል። አቤቱታዎ ላይ የሱን አንቀጽ ያስገቡ።