ላንድክሩዘር 80ህን ከፍ ከማድረግህ በፊት ካስተሩን አስብ

ላንድክሩዘር 80 ገዝቻለሁ፣ ለደቡብ መንገድ ሰስፔንሽኑን ልቀይር ነው፣ መኪናውን 2 ኢንች ከፍ ባደርገው ይሻላል ወይስ 4 ኢንች ብለህ ለጠየቅከው ወንድሜ፣ መልሱ 2 ነው። አሁን ግን ረጋ ብለህ አንብበኝ፣ እኔ በዚች ነገር ያወጣሁት ብር ዛሬም ሲታወሰኝ ምግብ አይወርድልኝም።

1. መጀመሪያ መኪናህን ሚዛን ላይ አውጣት። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ከፍታው ነው፣ ሞላ የሚገዛው ግን በክብደት ነው፣ ኦልድ ማን ኢሙ የሚባለው ብራንድም ሆነ ሌላው ላይት፣ ሚዲየም፣ ሄቪ እያለ ነው የሚሸጥልህ። ያው አንተም እንደኔ ቱሪስት ይዘህ ነው የምትወጣው ብዬ ነው፣ ፖርቶመጋላው ላይ ድንኳን፣ ጀሪካን፣ ትርፍ ጎማ፣ የወጥ ቤት እቃ ምናምን። እኔ ይሄን አስቤ ሄቪውን አስገባሁ፣ ጭነት ሲኖረኝ ሸጋ ነበር፣ ባዶዬን ስመለስ ግን እንደ አይሱዙ ታነጥረኛለች። ባለቤቴ ያኔ ነፍሰ ጡር ነበረች፣ አንድ ቀን ብቻ ከገባች በኋላ ከዚህ በኋላ በራይድ ነው የምሄደው አለችኝ። አመቱን ሙሉ ጭነህ የማትውል ከሆነ ሚዲየሙ ይበቃሃል።

2. ካስተር!! የፊት ጎማው የሚታጠፍበት ዘንግ ከጎን ሲታይ ወደ ኋላ የሚያዘነብልበት አንግል ማለት ነው። እዚች ጋ ነው የተቃጠልኩት። ሰማንያው ፊቱም ኋላውም ድፍን አክስል ነው አይደል፣ ግራና ቀኝ ጎማው በአንድ ወጥ ብረት የተያያዘ፣ 50 ሚሊ (ያው 2 ኢንች) ከፍ ስታደርገው የፊቱ አክስል ከያዙት ክንዶች ጋር አብሮ ወደ ፊት ያጎነብሳል፣ ካስተሩ በጣም ይቀንሳል ማለት ነው፣ ካስተር ሲያንስ ደግሞ መሪው ከታጠፈ በኋላ በራሱ በደንብ አይመለስልህም። ሞላና ሾክ የሸጠልኝ ሰውዬ ይቺን አንድ ቃል አልነገረኝም፣ የገጠመልኝ ጋራዥም እንደዛው። ከዝዋይ ወደ ሻሸመኔ በ90 ስሄድ መኪናዋ እንደሰከረ ሰው ግራ ቀኝ ትላለች፣ ሲኖትራክ በጎኔ ባለፈ ቁጥር ነፍሴ ትወጣለች፣ ፈረንጆቹ ኋላ ሆነው ዝም ብለዋል፣ ዝምታቸው ነው ይበልጥ ያስፈራኝ።

አላይመንት ወሰድኳት። ልክ ነው አሉኝ። ሦስቴ ተመላለስኩ፣ በሦስተኛው ልጁ "መንዳት ከከበደህ ሾፌር ቅጠር" አለኝ፣ እኔን፣ 16 አመት መሪ የያዝኩትን! ለካ በዚህ አክስል ላይ አላይመንት ቤቱ የሚያስተካክለው የፊት ጎማዎቹ አፍንጫ ወደ ውስጥ ወይ ወደ ውጭ መዞሩን ብቻ ነው፣ ካስተሩ ላይ የሚፈታ ብሎን የለውም። ጋራዡ ደግሞ ስቲሪንግ ቦክሱ ነው አለ፣ ቀየርኩ። ጎማዎቹን ከመሪው ጋር የሚያገናኘው ታይሮድ ነው አለ፣ ቀየርኩ። ቦክሱ ብቻውን ከአራቱ ሞላ በላይ ወጣብኝ፣ መኪናዋ ግን ያው ናት።

በመጨረሻ ሐዋሳ አንድ ሽማግሌ ሜካኒክ ናቸው ያዳኑኝ፣ ኮፈኑን እንኳን አላስከፈቱኝም፣ በሆዳቸው ተኝተው አዩና "ልጄ፣ አክስሉ ዞሯል፣ ቦኮላ ነው የሚያስፈልግህ" አሉኝ። ቦኮላ ክንዱ ከአክስሉ ጋር የሚገጥምበት ውስጥ ያለችው ጎማ ናት፣ ቀዳዳው ከመሀል ወጣ ያለ የካስተር ቦኮላ አለ፣ የድሮው በፕሬስ ወጥቶ እሱ ይገባል፣ በቃ። ስመለስ መሪውን በሁለት ጣት ይዤ ነው አዲስ አበባ የገባሁት። አንተ ከሞላው ጋር አብረህ ግዛው፣ እሺ?

3ኛው... አዎ የፍሬን ቱቦ። መኪናዋን ሻንሲዋ ላይ በክሪክ አንሳና ጎማዎቹ ተንጠልጥለው መሪውን ጥግ እስከ ጥግ አዙር፣ ቱቦው ከተወጠረ ረጅም ያስፈልግሃል። ቦኮላ ያለባቸውን ብሎኖች ደግሞ ጎማው መሬት ነክቶ መኪናዋ በራሷ ክብደት ስትቆም ነው ማጥበቅ፣ ተንጠልጥላ ካጠበቁልህ የቦኮላው ጎማ ተጠምዝዞ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል። ይሄን የሚሰማህ ጋራዥ ጥቂት ነው፣ ስለዚህ ቆመህ አሰራ፣ ሻይ ልጠጣ ብለህ እንዳትሄድ።

ሾክ ላይ አትቆጥብ። ቱርሚ ዙሪያ እንደ ቆርቆሮ በተሸበሸበው ፒስታ ርካሹ ሾክ ይግልና ስራውን ይተዋል፣ መኪናዋ መንሳፈፍ ስትጀምር ቁም፣ ይቀዝቅዝ፣ የጎማ ንፋስም ቀንስ።

4 ኢንቹ ካልተወህ ደግሞ ጉዱ ብዙ ነው፣ ኃይል ወደ አክስሉ የሚያደርሰው የካርዳኑ አንግል፣ አክስሉን ከሻንሲው ጋር በጎን የሚይዘው ፓንሃርድ ሮድ አክስሉን ወደ ጎን መግፋቱ፣ እሱን ሌላ ሰው ይንገርህ። ሐዋሳ ከሆንክ በውስጥ ጻፍልኝ የጋሼን ጋራዥ እጠቁምሃለሁ። ስቲሪንግ ቦክስ የሚፈልግም ካለ የድሮዋ ደህናዋ ቤት ተቀምጣለች።