ፊደሉን ያውቃል፣ ንባቡ ግን አይሄድለትም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ልጄ 9 ዓመቱ ነው፣ ሦስተኛ ክፍል። ፊደሉን ከሀ እስከ ፐ አንድም ሳይስት ይጠራል። መጽሐፍ ሲይዝ ግን «እ… ና… ቴ… ገ… በ… ያ…» እያለ አንዷን መስመር እስኪጨርስ ሻይ ይፈላል። ምን አነበብክ ስለው አያውቀውም። አባቱ ማታ ማታ ሊያስነብበው ይቀመጣል፣ ገና ከመጀመራቸው ቁጣ ነው። አሁንማ መጽሐፉን ሲያይ ሆዴን አመመኝ ማለት ጀምሯል። እኔ ትንሽ ሱቅ አለችኝ፣ ጊዜ የለኝም። ልጄ ሰነፍ ነው ወይ?
ባለ ሱቋ እናት፣ ከደሴ

መልስ፦ እህቴ፣ ሰነፍስ አይደለም። ፊደላችን 33 በሰባት፣ 231 ነው፤ ዲቃሎቹን ሳንቆጥር። ያንን የጨረሰ ልጅ ሰነፍ አይባልም። ልጅሽ ፊደሉ ላይ ቆሞ ቀርቷል እንጂ። «ገ» የቷ ነበረች እያለ ሲያስብ የመስመሩ መጀመሪያ ይጠፋበታል። ብቻውንም አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች የንባብ ፈተና ሲሰጥ፣ ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ጽሑፍ አንዲት ቃል እንኳን ማንበብ አቅቷቸው ነበር። ያንቺው ከእነሱ ብዙ ርቆ ሄዷል።

እኔ 31 ዓመት ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ሳስተምር ብዙ አጥፍቻለሁ። አንዱ ጥፋቴ በተራ ማስነበብ ነው። አንድ ጎበዝ ነበረኝ፣ ከፊቱ የተቀመጡትን ልጆች ቆጥሮ የሚደርሰውን ዓረፍተ ነገር ብቻ ያጠናል። አንድ ቀን አንዷን ልጅ ዘልዬ እሱን ስጠራው፣ ያጠናትን ዓረፍተ ነገር ቀጥ አድርጎ «አነበበልኝ»። ጣቱ ግን ሌላ መስመር ላይ ነበር። ክፍሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ማታ ቤቴ ስገባ ግን ልጁ ዓመቱን ሙሉ በቀን አንድ መስመር ብቻ እያነበበ እንደነበር ገባኝ።

ስለዚህ ብዙ ገጽ አታስነብቢው። አምስት ስድስት መስመር የምትሆን ጽሑፍ ምረጪ። ከአሥር ቃል ከአንድ በላይ ከሳተ ከብዶታልና ቀለል ያለ ፈልጊ፣ የአንደኛ ክፍሉ መጽሐፍ ቢሆንም አይፈር። መጀመሪያ አንቺ በተለመደው የወሬ ድምፅሽ አንብቢለት፣ እሱ በጣቱ ይከተል። ቀጥሎ አብራችሁ፣ ከዚያ ብቻውን። በነጋታው ያችኑ ጽሑፍ። በሦስተኛውም ቀን ያችኑ። አሥር ደቂቃ ይበቃል። የኔታ ቤት የተማሩ ይህን ያውቁታል፤ ከፊደል ወደ ውርድ ንባብ፣ ማለትም በዜማ እየጎተቱ ወደ ማንበብ፣ ከዚያ ወደ ቁም ንባብ፣ ማለትም ሳይጎትቱ ቀጥ አድርጎ ወደ ማንበብ የሚደረሰው አንዱን ገጽ እየመላለሱ ነው። ልዩነቱ፣ ያ ግዕዝ ስለነበር ትርጉሙ ለልጁ አይገባውም ነበር። ያንቺው ልጅ ግን አማርኛውን አፉን የፈታበት ነው።

ቀድመሽ አንብቢለት የምልሽ በምክንያት ነው። ጽሕፈታችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አያሳይም። «ሰፊው ሰፊ ሱሪ ሰፋልኝ» ብለሽ ጻፊለት። የመጀመሪያው ልብስ ሰፊው ሰውዬ ነው፣ ይላላል። ሁለተኛው የሱሪው ስፋት ነው፣ ይጠብቃል። በዓይን ግን አንድ ናቸው። ይህን ፊደል መቁጠር አይፈታውም፣ የሚፈታው ወሬውን መስማት ነው። «ገና»ና «ዋና»ንም ሞክሩ፣ ይስቃል።

ሌላው ረጃጅም ቃል ነው። «ስላልነገረችን» ሲመጣ ልጁ እንደ ተራራ ያየዋል። በጣቶችሽ ግራና ቀኙን ሸፍኚና «ነገረች»ን ብቻ አሳዪው። እሷን ያውቃታል። ቀኙን ግለጪ፣ «ነገረችን»። ከዚያ ግራውን፣ «ስላልነገረችን»። አማርኛ አንዱ ቃል ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይይዛል። ለዚህ ነው «የፈረንጅ ልጅ በደቂቃ ይህን ያህል ቃል ያነባል» ሲሉሽ መስማት የሌለብሽ። የእነሱ ቃልና የእኛ ቃል እኩል አይደለም። በስልክሽ ሰዓት መያዝ ካማረሽ በሳምንት አንዴ ብቻ፣ ከራሱ ያለፈ ሳምንት ጋር እንጂ ከጎረቤት ልጅ ጋር አታወዳድሪው። እኔ «ቶሎ! ቶሎ!» እያልኩ ያሳደግኋቸው ልጆች አራት ነጥቡን እንደ ቀይ መብራት የሚጥሱ ሆነውብኛል።

ጊዜ የለኝም ላልሽው፣ ሱቅሽ ራሱ መጽሐፍ ነው። የሳሙናውን ካርቶን፣ የፓስታውን ማሸጊያ ያንብብልሽ። የዱቤ ደብተሩም አለ፤ «ግማሽ ኪሎ ስኳር፣ አራት እንቁላል፣ ሁለት ክብሪት»። አጫጭር ነው፣ ይደጋገማል፣ ትርጉሙንም ያውቀዋል። ስሞቹን ብቻ በእጅሽ ሸፍኚ፣ የሰፈሩን ዕዳ በአደባባይ እንዳያነብብሽ።

መጽሐፉን ወደ ዓይኑ በጣም የሚያስጠጋ፣ ወይም ሰሌዳው አይታየኝም የሚል ከሆነ ዓይኑን አስመርምሪ።

ስለ ሆድ ሕመሙ፦ ሕመሙ ሌላ ጊዜ ሳይሆን መጽሐፍ ሲያይ ብቻ ከሆነ፣ ለጥቂት ሳምንት አባቱን ከማስነበብ አሳርፊው። ክፉ አስቦ አይደለም፣ ደክሞት ነው የሚገባው። ልጁ ቃል ላይ ሲቆም አምስት እስክትቆጥሪ ጠብቂ፣ ካልሄደለት ቃሉን ንገሪውና ቀጥሉ። ለአባትየው የምታሰሙት ዓርብ ማታ ይሁን፤ ልጁ ሳምንቱን ሙሉ ያነበባትን ያችኑ ገጽ። አዲስ ገጽ እንዳታወጡ።