ከድሮ መኪና የመሣሪያ ከረጢት የጎደለውን ስለ መተካት፦ ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የድሮ መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ ይዞት ስለሚመጣው የመሣሪያ ከረጢት፣ ማለትም ስለ ቁልፎቹ፣ ስለ ክሪኩ፣ ስለ ጎማ መንፊያውና ስለ ከረጢቱ ራሱ የሚጠይቁ ናቸው። ተመሳሳዮቹን አጣምሬ፣ ረጃጅሞቹንም አሳጥሬ አቀርባቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. በ1947 የተሠራች የእንግሊዝ መኪና ያላቸው አንባቢ፣ 13 ቁልፍ ብሎኑ ላይ አልገባ ሲል 14ቱ ደግሞ እየተንሸራተተ የብሎኑን ጠርዝ እየበላባቸው መሆኑን ጽፈዋል። ትክክለኛው ቁልፍ ከከረጢቱ ስለ ጠፋ አንዱን በሊማ አስፍተው መጠቀም ይችሉ እንደሆነ ይጠይቃሉ።

መልስ፦ ይችላሉ፤ ነገር ግን የሚሞርዱት ቁልፍ ከየት እንደ መጣ ይለያል። የመኪናዎ ብሎኖች በሚሊ ሜትር የተለኩ አይደሉም፤ መሠረታቸው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጆሴፍ ዊትወርዝ እ.ኤ.አ. በ1841 ያቀረበው ሥርዓት ነው። በዚህ ሥርዓት ቁልፉ ላይ የተቀረጸው ቁጥር የሚናገረው ስለ ቁልፉ አፍ ስፋት ሳይሆን ስለ ብሎኑ ግንድ ውፍረት ስለሆነ፣ 1/4 የሚል ምልክት ያለበት ቁልፍ የሚይዘው የብሎን ራስ 0.525 ኢንች፣ ማለትም 13.3 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት አለው። 13ቱ ሳይገባ 14ቱ የሚላላው ለዚህ ነው። ርካሽ የሆነ ዘመናዊ 13 ቁልፍ በሞርሳ አጥብቀው ይሰሩና ሁለቱንም የአፉን ጎኖች እኩል እየሞረዱ፣ በየጥቂቱም ብሎኑ ላይ እየሞከሩ፣ ሳይወዛወዝ በሚገባበት ቅጽበት ያቁሙ። ከከረጢቱ የተረፉትን የፋብሪካ ቁልፎች ግን ሊማ አያስነኳቸው። አንድ ቁልፍ ላይ ሁለት ቁጥር ቢያዩም አይደናገሩ፤ ደቃቅ ጥርስ ባላቸው የእንግሊዝ ብሎኖች ዘንድ ያው ቁልፍ 5/16 ይባላል።

ጥያቄ፦ የክፍተት መለኪያዬ ስስ ቅጠሎች ዝገዋልና በብርጭቆ ወረቀት ላጽዳቸው?

መልስ፦ አይሆንም፤ የተፋቀ ቅጠል በላዩ የተጻፈውን ውፍረት ስለማይይዝ አዲስ ይግዙ።

ጥያቄ፦ በእግር የሚረገጠው የጎማ መንፊያ ይወርዳል፣ ይወጣል እንጂ አየር አይገፋም። ባለቤቱ ከፍተው ሲያዩት በውስጡ ያለው ቆዳ እንደ ዛፍ ቅርፊት ደርቋል።

መልስ፦ ይህ በቤት ውስጥ ሊጠገን የሚችል፣ ሲጠገንም ደስ የሚያሰኝ ብልሽት ነው። ያ ቆዳ የጽዋ ቅርጽ ያለው ሲሆን፣ የተጨመቀው አየር የጽዋውን ከንፈር ወደ ቱቦው ግድግዳ ስለሚገፋው አየሩ ማምለጫ ያጣል፤ ቆዳው ሲደርቅ ግን ከንፈሩ ይሰበሰብና አየሩ በጎኑ ያመልጣል። ካልተሰነጠቀ ሌሊቱን ሙሉ የቆዳ ማለስለሻ ዘይት ውስጥ ይንከሩትና በማግስቱ ይሞክሩት። ከተሰነጠቀ፣ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውና በዕፅዋት ቅርፊት የለፋ ቆዳ ይፈልጉ፤ በክሮም የለፋው ለስላሳ ቆዳ ቅርጽ አይዝም። ክብ አድርገው ይቁረጡትና የአየር አረፋ መስጠቱን እስኪያቆም ድረስ ለብ ባለ ውኃ ከነከሩት በኋላ፣ የመንፊያውን ቱቦ ያህል ስፋት ባለው ቀለበት ውስጥ በእንጨት ድቡልቡል ይግፉት። የድቡልቡሉ ስፋት ከቱቦው ስፋት ላይ የቆዳው ውፍረት ሁለት ጊዜ ተቀንሶ የሚቀረው መሆን አለበት። እዚያው እንዳለ በጥላ ይደርቅ፤ ከዚያ ከንፈሩን አስተካክለው ይቁረጡ፣ ዘይት ያጠጡት፣ ከንፈሩንም አየሩ ወደሚጨመቅበት አቅጣጫ አዙረው ይግጠሙት። ከንፈሩ ወደ ኋላ ከዞረ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ሦስት አንባቢዎች ስለ ክሪክ ጽፈዋል። የአንደኛው እግሩ ተሰንጥቋል፣ የሁለተኛው መኪናውን የሚሸከመው ራሱ ተሰብሯል፣ የሦስተኛው ደግሞ ጥርሱ አልቋል። ሦስቱም ክሪኩን አስበይደውና ቀለም ቀብተው ሊጠቀሙበት ያስባሉ።

መልስ፦ እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ከዚህ ከረጢት ውስጥ ቢበላሽ ሰው ሊገድል የሚችለው ቀዳሚው ዕቃ ክሪኩ ነው፤ ሌላው ቢሰበር ጣት ቢልጥ ነው። የብዙ አሮጌ ክሪኮች እግር የተሠራው ቀልጦ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ከፈሰሰ ብረት ነው፤ ይህ ብረት በውስጡ ብዙ ካርቦን ስላለው ሲበየድ በብየዳው ዳር ያለው ክፍል እንደ መስታወት ተሰባሪ ይሆናል፣ ሲቀዘቅዝም በዓይን የማይታይ አዲስ ስንጥቅ ያበጃል። ከላይ ቀለም ሲቀባ ያማረ ይመስላል፤ ቀለሙ ግን ሸክም አይሸከምም።

ይህን የምለው በራሴ ደርሶ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ የብየዳ ቤት የጠገነልኝን ክሪክ አምኜ መኪናዬን አንሥቼ ነበር፤ ጎማው ከወለቀ በኋላ ብየዳው ተከፍቶ መኪናው ወደ አንድ ጎን ወደቀ። ያወለቅሁትን ጎማ አስቀድሜ ከመኪናው ሥር አጋድሜው ስለነበር መኪናው እዚያ ላይ አረፈ፣ ማንም አልተጎዳም። እጄ ግን ከጥቂት ደቂቃ በፊት የፍሬኑ ከበሮ ሥር ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ክሪኩ አዲስም ይሁን አሮጌ፣ ያወለቅሁትን ጎማ ከመኪናው ሥር ሳላጋድም ሥራ ጀምሬ አላውቅም።

ያልተሰበረ የመሰለውን ክሪክ ለመመርመር ቀላል መንገድ አለ። በደንብ አጽድታችሁ በነጭ ጋዝ አርሱት፣ ጥቂት ቆይታችሁ በጨርቅ አድርቁትና ደቃቅ የጠመኔ ዱቄት ነስንሱበት፤ ስንጥቅ ካለ በውስጡ የተደበቀው ጋዝ ወደ ዱቄቱ ሰርጎ ጥቁር መስመር ያወጣል። የሽክርክሪቱን ጥርስም ተመልከቱ፤ ሲሠራ ጫፉ ጠፍጣፋ የነበረ ጥርስ እንደ ቢላ ስለት ከሾለ ዕድሜው አብቅቷል። በዚህ ጊዜ የቶርኖ ባለሙያ ሽክርክሪቱንና የሚዞርበትን ዳዶ ሁለቱንም በአንድነት አዲስ ሊሠራ ይችላል፤ አንዱን ብቻ መተካት አዲሱን በአሮጌው ማስበላት ነው። የተሠራውንም ሰው ሳይጠጋው በሸክም ሊፈትን የሚችል፣ ስለ ብረት የሚያውቅ መሐንዲስ ሳያየው ወደ መንገድ አትውጡ። ይህን ለወጉ ያህል አልጻፍሁትም። ባለሙያ ካላገኛችሁ አሮጌውን ክሪክ አጽድታችሁ ለመልኩ በቦታው አስቀምጡት፣ ለሥራ የሚሆነውን ዘመናዊ ክሪክ ደግሞ ለብቻው ያዙ። ደግሞም ከረጢት ውስጥ የሚመጣ ክሪክ የተሠራው ጎማ ለመቀየር ብቻ ነው፤ መኪናውን በጠንካራ የብረት መቆሚያ ሳያሳርፉ ከሥሩ መግባት፣ ክሪኩ የቱንም ያህል ጤነኛ ቢሆን፣ አይገባም።

ጥያቄ፦ አንድ አንባቢ የጎደለውን ቁልፍ ከብረት ሰሌዳ አስቆርጠው፣ ከዋናው ጋር እንዲመሳሰል የፋብሪካውን ስም ሊመቱበት ይፈልጋሉ።

መልስ፦ ቁልፉን ያሠሩ፣ ስሙን ግን አይምቱበት። ዛሬ እርስዎ ያውቁታል፤ መኪናው በተሸጠ ጊዜ ግን ገዢው ሐሰተኛውን እንደ እውነተኛ ይከፍልበታል። ቅርጹ ይመሳሰል፣ በማይታየው ጎኑ ላይ የተሠራበትን ዓመት በትንንሽ ቁጥር ይምቱበት። ሌላም ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ፦ ካርቦኑ አነስተኛ የሆነ ተራ ብረት አግለው ውኃ ውስጥ ቢነክሩትም አይጠነክርም፣ ስለዚህ አፉ በመጀመሪያው ጠንካራ ብሎን ይከፈታል። ለሥራ ከፈለጉት መካከለኛ ካርቦን ያለው ብረት መርጦ ከነከረ በኋላ እንደገና አሙቆ ተሰባሪነቱን የሚቀንስ ባለሙያ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ በባትሪ ኃይል ዝገት ለማስለቀቅ የሚፈልጉ አንባቢ፣ አዎንታዊው ሽቦ ላይ የማይዝግ የብረት ማንኪያ ሊያስሩ ነው።

መልስ፦ ፈጽሞ አይሰሩ። ከማይዝገው ብረት ውስጥ ያለው ክሮሚየም ወደ ውኃው ሟሙቶ ካንሰር ወደሚያስከትል መርዝ ሊለወጥ ይችላል። ተራ ብረት ከአዎንታዊው፣ ዝገት ያለበትን ዕቃ ከአሉታዊው ጋር አገናኝተው፣ በሶዲየም ካርቦኔት ውኃ ውስጥ ይሥሩ፤ የሚወጣው ሃይድሮጂን ተቀጣጣይ ስለሆነ ሥራው ከቤት ውጭ ይሁን። ሞላ ያለባቸውንና በጣም ጠንካራ የሆኑ ዕቃዎችን በዚህ መንገድ አያጽዱ፤ ሃይድሮጂኑ ወደ ብረቱ ሰርጎ ተሰባሪ ያደርጋቸዋል። ዕቃው ላይ ወርቃማ ወይም ደብዛዛ ብርማ ቅብ ካለ ካድሚየም ሊሆን ይችላልና፣ ብናኙም ጭሱም መርዝ ስለሆነ አይፋቁት፣ አያግሉት፣ አይበይዱትም፤ የብረት ቅብ ባለሙያ ያሳዩት።

ጥያቄ፦ ከረጢቱን በቆዳ ላሰፋው ወይስ በሸራ?

መልስ፦ የመጀመሪያው ምን እንደ ነበረ ከቀረው ቁራጭና ከስፌቱ ቀዳዳ ይለዩና እሱን ይከተሉ። ምርጫው በእጅዎ ከሆነ ሸራ እመርጣለሁ፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ በልፋቱ ጊዜ የገባበትም ነገር ብረትን ያዝጋል። አሮጌውን ከረጢት ግን ስፌቱን ሳይፈቱ በፊት ኪሶቹን አንድ በአንድ ለክተው ወረቀት ላይ ይሣሉ፤ የጎደሉት መሣሪያዎች ርዝመትና ስፋት የሚገኘው ከእነዚያ ባዶ ኪሶች ነው።