መጀመሪያ ላይሰንሱ፣ ከዚያ ማስተርሱ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በዲቪ ሜሪላንድ ከገባሽ 4 ወር ሆኖሻል። አገር ቤት 6 ዓመት ሠርተሻል፣ ከዚያ ውስጥ 2ቱን ሄድ ነርስ ሆነሽ። «የሊደርሺፕ ማስተርስ ልጀምር ወይስ ኤንክሌክስ (የነርስ ላይሰንስ ፈተናውን) ልፈተን?» ነው ያልሽው። እኔም በዲቪ ነው የመጣሁት። እኔም ሄድ ነርስ ነበርኩ። እኔ ግን ማስተርሱን አስቀደምኩ። ትናንት ማታ ሰው ቀርቶብኝ ራሴ ናይት ገብቼ ነበር፤ ሳልተኛ ነው የምጽፍልሽ።

1. ማስተርሱን ለጊዜው ተዪው። እኔ በመጣሁ በ5ኛው ወር ኦንላይን ተመዘገብኩ። የነርሲንግ ማስተርስ የሚሰጡት ትምህርት ቤቶች በአብዛኛው የዚህን አገር ላይሰንስ ስለሚጠይቁ የተቀበለኝ ሄልዝኬር አድሚኒስትሬሽን ነበር። ሁለት ዓመት ፈጀ። 28 ሺህ ዶላር ብድር። ማታ ነርሲንግ ሆም ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ሆኜ እሠራለሁ፣ ቀን አሳይመንት እጽፋለሁ። ስመረቅ ለነርስ ማኔጀርነት 11 ቦታ አመለከትኩ። አንዷ ብቻ ደወለችልኝ። መጀመሪያ የጠየቀችኝ የላይሰንስ ቁጥሬን ነው። የለኝም ስላት «ያለሱ ማመልከቻሽን ማሳለፍ አልችልም» ብላ በትሕትና ዘጋችው። ቻርጅ ነርስም (የሺፍት መሪ) ሁኚ፣ ነርስ ማኔጀርም፣ ዳይሬክተርም፣ በሩ አንድ ነው። አርኤን (የተመዘገበ ነርስ) ላይሰንስ።

የሚያንገበግበኝ ደግሞ ሌላ ነው። ላይሰንሱን አውጥቼ ከተቀጠርኩ በኋላ የነርሲንግ ማስተርሴን ሆስፒታሉ አብዛኛውን ከፍሎልኝ ተማርኩ። ያኔ ብታገስ ኖሮ ያ ሁሉ ብድር አይኖርብኝም ነበር። እስካሁን እየከፈልኩ ነው።

2. ወረቀቱን ዛሬውኑ አስጀምሪ። ወረቀቱ የሚሄደው ሲጂኤፍኤንኤስ ነው፤ ውጭ አገር የተማረ ነርስን ማስረጃ የሚመረምረው ድርጅት፣ አሁን ስሙ ትሩሜሪት ሆኗል። ትራንስክሪፕትሽ ከኮሌጅሽ፣ የላይሰንስ ማረጋገጫሽ ደግሞ አገር ቤት ፈቃድ ከሰጠሽ መሥሪያ ቤት በቀጥታ ነው መሄድ ያለበት። በአንቺ እጅ ያለፈ ወረቀት አይቆጠርም። የአገር ቤት ፈቃድሽ ጊዜው አልፎ ከሆነም አሁኑኑ የሚያሳድስልሽ ሰው ፈልጊ። የእኔ ማስተርሱን ስማር አልፎ ነበር፣ እሱን ማስተካከል ብቻውን ወራት በላ።

3. ሬጅስትራር። እዚህ ላይ ልቆይ ነው፣ ታገሺኝ።

የተማርኩበትን ኮሌጅ ስሙን አልጠራም። ወንድሜን ላክሁት። ሴትየዋ ከስልኳ ቀና ሳትል «ባለጉዳይዋ ራሷ ትምጣ» አለችው። አሜሪካ ናት ሲላት «እና እኔ ምን ላድርግልህ?» አለችው። ዋሽንግተን ኤምባሲያችን ሄጄ ውክልና አስደርጌ ላክሁ። ውክልናውን ይዞ ሲመለስ «ፋይሏ አልተገኘም»። በሳምንቱ «ሲስተም የለም»። በወሩ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»። ወንድሜ የታክሲ ሹፌር ነው። በሄደ ቁጥር የቀን ገቢው ይቀራል። 14 ጊዜ ተመላልሷል፣ ቆጥሮልኛል። አንድ ቀን እዚያው ቆሞ ደወለልኝና ስልኩን ለሴትየዋ ሰጣት። ለምኜ ለምኜ ሲያቅተኝ «ነርስ ነኝ፣ ሰው ላክም ነው ወረቀቱን የምፈልገው» አልኳት። «ነርስ ብቻ ለመሆን ነው ይሄ ሁሉ?» አለችኝ።

ነርስ ብቻ። ልዕልት ፀሐይ፣ የንጉሥ ልጅ፣ በስደት ዘመን ለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት ሆስፒታል ገብታ ነርስነት ተምራ የተመረቀችበት ሙያ ነው። ያን ቀን ይህን አልመለስኩላትም። አለቀስኩ እንጂ።

በመጨረሻ ትራንስክሪፕቱን በወንድሜ እጅ ሰጡት። እሱም ደስ ብሎት በመንገደኛ ላከልኝ። እኔም በደስታ ፖስታውን ከፍቼ አነበብኩት። አለቀ። አልቀበልም ተባልኩ። እንደገና ከዜሮ ጀመርን።

ሁለተኛው በትክክል ሲላክ ደግሞ ቀኑ ጉድ ሠራኝ። የተመረቅሁት በ2001 ዓ.ም. ነው። ኮሌጁ ዘመኑ የኢትዮጵያ መሆኑን አልጻፈም። ፓስፖርቴ ላይ የልደት ዘመኔ 1986 ነው፣ በፈረንጅ። ሲያሰሉት በ15 ዓመቴ በዲግሪ ተመርቄያለሁ! ማብራሪያ ደብዳቤ አምጪ ተባልኩ። ያ ማለት ወንድሜ ለ15ኛ ጊዜ ወደዚያች ሴትዮ ሊሄድ ነው ማለት ነው።

አልላክሁትም። የድሮ አስተማሪዬን አፈላልጌ አገኘሁ። ዲፓርትመንት ሄድ ሆነዋል። እሳቸው በሦስት ቀን ጨረሱልኝ። ትራንስክሪፕት ላይ የሚጻፈው ክሬዲት አወር ነው። እዚህ የሚጠየቀው ግን በሜዲካል ሰርጂካል፣ በእናቶች፣ በሕፃናትና በአእምሮ ሕክምና ስንት ሰዓት ክፍል፣ ስንት ሰዓት ዋርድ እንደተማርሽ ለየብቻው ነው። ይህን ሬጅስትራር አያውቀውም። የሚያውቀው ዲፓርትመንቱ ነው። ስለዚህ አንቺ ከመጀመሪያው ዲፓርትመንት ሄዱን ያዢ። ፎርሙ ተሞልቶ፣ ቀኑ በፈረንጅ ተጽፎ፣ ማኅተም ተመትቶ ከዚያ ወደ ሬጅስትራር ይሂድ።

ስለ ኤንክሌክስ ደግሞ አትፍሪው። እኔ በመጀመሪያው ነው ያለፍኩት፤ ኮምፒዩተሩ 85ኛው ጥያቄ ላይ ቆመልኝ። ትንሹ 85፣ ትልቁ 150 ጥያቄ ነው፣ 5 ሰዓት አለሽ። 200 ዶላር ትከፍያለሽ፤ ብትወድቂ 45 ቀን ጠብቀሽ እንደገና ነው። ከሚያዝያ 2023 ወዲህ ኬዝ ስተዲ (በአንድ በሽተኛ ታሪክ ላይ የሚመጣ ጥያቄ) ተጨምሮበታል።

ሄድ ነርስ መሆንሽ እዚህ ላይ ይጠቅምሻል፣ ግን ደግሞ ሊጥልሽ ይችላል። ማኔጅመንት ኦፍ ኬር የሚሉት ክፍል ከሁሉም ትልቁ ነው። ማንን አስቀድመሽ ታያለሽ፣ የትኛውን ሥራ ለማን ትሰጫለሽ ነው ጥያቄው። አገር ቤት በሽተኛውን የሚያጥበውም፣ የሚያበላውም፣ የሚያገላብጠውም አስታማሚው ነው። ሰው ሲጎድል ደግሞ እኛ ሁሉንም እንሠራለን። እዚህ ማጠቡን፣ ማብላቱን፣ የተረጋጋ በሽተኛ ቫይታል ሳይን መለካቱን ለሲኤንኤ ትሰጫለሽ። አሰስመንትን (በሽተኛው ያለበትን ሁኔታ መመርመርን)፣ በሽተኛን ማስተማርን፣ ውጤቱን መገምገምን ግን ለማንም አትሰጪም። ልምምድ ስጀምር «ሄዳ ራሷ ታያለች» የሚለውን ሁሉ እየመረጥኩ በተደጋጋሚ ስቻለሁ። የአገር ቤቷ ሄድ ነርስ ነበረች የምትመልሰው። አሁን 32 አልጋ የምመራው በዚሁ ሕግ ነው፣ አዲስ ነርስ ሲመጣም መጀመሪያ የማስይዘው ይህንኑ ነው።

በነገራችን ላይ ሜሪላንድ ኮምፓክት ውስጥ ናት፤ አንዱ ስቴት የሰጠውን የነርስ ላይሰንስ ሌላው የሚቀበልበት ስምምነት ነው። መልቲስቴት ላይሰንስ ካወጣሽ ቨርጂኒያ ለመሥራት ሌላ አያስፈልግሽም። የእንግሊዝኛ ፈተናውን ነገር ላይሰንሱን ከሚሰጠው ከሜሪላንድ የነርሶች ቦርድ ድረ ገጽ ላይ ራስሽ አንብቢ፤ ከሰው አትስሚ።

እዚሁ ስር ስለ እንግሊዝ አገር ለጠየቃችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ኢትዮጵያ የጤና ባለሙያ እጥረት አለባቸው ብሎ የዓለም ጤና ድርጅት ከዘረዘራቸው አገሮች አንዷ ናት። በዚህ የተነሳ የእንግሊዝ ቀጣሪና ኤጀንሲ መጥቶ ከኢትዮጵያ ነርስ መመልመል አይፈቀድለትም። ነርሷ ራሷ በቀጥታ ብታመለክት ግን አትከለከልም። ስለዚህ አዲስ አበባ ቢሮ ከፍቶ «ገንዘብ አምጡ፣ ለንደን እናስቀጥራችኋለን» የሚላችሁን አትስሙት። ጎበዝ የሆነች የሥራ ባልደረባዬ ቁጠባዋን ሁሉ እንዲህ ላለ ሰው ሰጥታ ቀርታለች። ያችን ልጅ ሳስብ አንጀቴ ይቃጠላል። ዋርዱን ብቻዋን ትሸከም የነበረች ነርስ ናት።

እና እህቴ፣ ዛሬ ማታ ትራንስክሪፕትሽንና ግሪን ካርድሽን ጎን ለጎን አድርጊያቸው። የአባትሽ ስምና የአያትሽ ስም ቦታ ተቀያይሮ፣ ወይ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ አንድ ፊደል ተለይቶ እንደሆነ እያንዳንዷን ፊደል እያየሽ አመሳክሪ። የተለየ ነገር ካገኘሽ ምንም ሳትልኪ በፊት በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። ነገ ኦፍ ነኝ።